ከአልጋ ቁርጥራጭ የተሠራ የልጅ መጫወቻ፦ የሦስት ወር ምስክርነቴ

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ልጄ 20 ወሯ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ እኔ ደግሞ የማታ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ስለዚህ ቀን ቀን ከልጄ ጋር የምውለው እኔ ነኝ። ሰኔ ላይ ስላሠራሁላት የእንጨት መጫወቻ የምጽፈው ሦስት ወር ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ካየሁ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት የገዛሁላት ሲጫኑት የሚዘፍን የፕላስቲክ ስልክ ነበር። በአራተኛው ቀን ክዳኑ ተፈንቅሎ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ክብ ባትሪ ምንጣፉ ላይ ወድቃ አገኘሁ። ባለቤቴ ስታይ ደነገጠች። እንዲህ ያለ ባትሪ ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ስልኩን ያን ዕለት አስወገድነው።

ሰፈራችን አልጋና ሶፋ የሚሠሩ አንድ አናጢ አሉ። በራቸው ላይ ሁሌም የዋንዛ ቁርጥራጭ ተከምሮ ይታያል።

«ጋሼ፣ ከዚህ ለልጅ መጫወቻ ይሠሩልኛል?» አልኳቸው።

«ለማገዶ የምሰጠውን? ስንት ይበቃሃል?»

30 ፍሬ በ600 ብር ተስማማን። ሦስት ነገር አጥብቄ ለመንኳቸው፦ ቫርኒሽ እንዳይቀቡት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እንዲያለሰልሱት፣ አንዱም ከ4 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያገኘውን ወደ አፉ ይወስዳል፤ ትንሽ ነገር ደግሞ ያንቀዋል።

በአምስት ቀን የተባለው የአልጋ ትእዛዝ በዝቶባቸው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሲመጣም መጠኑ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አራቱ ከአልጋ እግር የተቆረጡ ድቡልቡሎች። ሁለቱን በጣም ስላነሱ አስቀረኋቸው። የአንዱ ጠርዝ ስንጥር ነበረው፤ ራሴ ፋቅሁት። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር።

ልጄ የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አልደረደረችም። ድስት ውስጥ ትከታለች፣ ታወጣለች፣ እንደገና ትከታለች። ከዚያ አልጋ ላይ ወጥታ መጣል ጀመረች። ሲሚንቶው ላይ ጣለች፤ ጧ! ምንጣፉ ላይ ጣለች፤ ድምፅ የለም። ቆም ብላ ምንጣፉን አየችው። ወርዳ ያንኑ እንጨት አነሳችና ሲሚንቶው ላይ ደገመችው። እኔ «አትጣይ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ልጅቷ ግን እያጠፋች አልነበረም፤ እየጠየቀች ነበር።

መደርደር የጀመረችው ሐምሌ ላይ ነው። ትልቁን ከትንሹ ላይ ታስቀምጣለች፣ ይወድቃል። ደግማ ታስቀምጣለች፣ ይወድቃል። አንድ ቀን እጄ ሊያግዛት ሲነሳ ወደ ሻይዬ መለስኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ወፍራሙን አንስታ አገላበጠችውና መጀመሪያ መሬት ላይ አኖረችው። በላዩ ትንሹን። ቆመ! ቀና ብላ አየችኝ። ያ ቅር ያሰኘኝ የመጠን ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ከየት ታገኘው ነበር?

የደብረ ማርቆስን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጭቃና ብርድ ነው፤ ልጅ ደጅ አይወጣም። ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። ልጄ እንጨቶቿን ከክፍል ክፍል አንድ በአንድ ስታጓጉዝ ብትውል ሦስት ሰዓቱ ሳይታወቅ ይሞላል።

ነሐሴ ላይ አማቴ ከገጠር መጡ። ልጄ አንዱን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻቸው። አማቴ ምንም ሳይጠይቁ ተቀብለው ፉት አሉና «እሰይ የኔ እመቤት፣ አቦሉ ግሩም ነው» አሏት። ሮጣ ሌላ አመጣች። «ቶናም ደረሰ!» ሦስተኛውን ስታቀብል እሳቸው «በረካ» አሉ፤ እሷም «ረካ» አለች። እንጨት ስኒ ይሆናል ብሎ ማን ነገራት? ከቡናው ሥር ስትድህ አይታ ያስቀመጠችው ነው። ቃሉም የገባት እጇ ውስጥ ስኒ ስለነበረ ነው።

ለማሠራት የምታስቡ ካላችሁ ልንገራችሁ። ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ የኛ አንዱ በዚያ ተሰነጠቀ። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ዋንዛ ቀላል እንጨት ቢሆንም ፊት ላይ ሲወረወር ያማል። የጎረቤት ልጅ ሲመጣ አብራችሁ ተቀመጡ። ስታዘዙ ደግሞ ድቡልቡልም ይኑርበት፤ «ሁሉም እኩል ይሁን» ብላችሁ ግን አናጢውን አታስጨንቁ።

ትናንት ወደ ጋሼ ተመልሼ አንድ ረጅም ጣውላ አዘዝኩ። ልጄ ድቡልቡሎቹን ከትራስ ላይ ማንከባለል ጀምራለች፤ ትራሱ አጥሯታል።