የኬኒ ሮጀርስ ሁለት ቀደምት ስብስቦች፦ የ1977ቱ ይሻላል የ1980ው?

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። አባቱ ሰባ ሊሞላቸው ነው። ልጆቹ አዋጥተው የሸክላ ማጫወቻ ገዝተውላቸዋል፤ የቀረው ሸክላው ነው። «አባዬ በኬኒ ሮጀርስ አይደራደሩም። ግን 'ምርጥ ዘፈኖች' የሚል አልበሙ መአት ነው። የቱን ልያዝ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሰውዬው ስብስብ በስብስብ ላይ ሲያወጣ የኖረ የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ነው። ሽፋኑ ላይ ያው ጺማሙ ኬኒ ይታያል፣ ጀርባው ላይ ያው «ሉሲል» የሚባለው ዘፈን አለ። ለሸክላ ግን ቁም ነገሩ ያለው ሁለቱ ቀደምቶች ላይ ነው፤ በ1977 ማብቂያ ግድም የወጣው «ቴን ይርስ ኦፍ ጎልድ» እና የ1980ው «ግሬተስት ሂትስ»። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ቴን ይርስ ኦፍ ጎልድ» አስር ዘፈን አለው። አምስቱ ኬኒ «ፈርስት ኤዲሽን» ከሚባለው ባንድ ጋር የታወቀባቸው ናቸው፦ «ሩቢ»፣ «ሩበን ጀምስ»፣ «ጀስት ድሮፕድ ኢን»፣ «ሰምቲንግስ በርኒንግ» እና «በት ዩ ኖው አይ ላቭ ዩ»። ሌሎቹ አምስቱ ብቻውን ከወጣ በኋላ የሠራቸው ናቸው፤ «ሉሲል» እና «ዴይታይም ፍሬንድስ» ከእነሱ መካከል ናቸው።

ሽፋኑን ያየ ሰው የድሮዎቹን ቅጂዎች የሚያገኝ ይመስለዋል። አያገኝም። ባንዱ የሚቀዳው ሪፕራይዝ ለሚባል ኩባንያ ነበር። ኬኒ ብቻውን ሲወጣ ወደ ዩናይትድ አርቲስትስ ሄደ። አምስቱን የድሮ ዘፈኖች ከፕሮዲውሰሩ ከላሪ በትለር ጋር ሆኖ እንደገና ነው የዘፈናቸው። ስማቸው ያው፣ ግጥማቸው ያው፤ ቀረጻው ግን ሌላ።

ለውጥ አለው ወይ? ለእኔ ጆሮ አለው። ከጦርነት ሽባ ሆኖ የተመለሰ ባል፣ ሚስቱ ተኳኩላ ልትወጣ ስትል ተኝቶ የሚለምናት «ሩቢ» በ1969 ቅጂው ደረቅ ያለ ነው። ከበሮው ጭር ባለ ቤት ውስጥ እንደሚሰማ ሰዓት ይመታል፤ ልብ የሚያንጠለጥለውም እሱ ነው። አዲሱ ቅጂ ለስለስ ብሏል፣ የካንትሪ መናኸሪያ የሆነችው የናሽቪል ስቱዲዮ ጠረን አለው። ድምፁ እንዲያውም በስሏል፤ ጭንቀቱ ግን ቀንሷል። «ጀስት ድሮፕድ ኢን» ደግሞ ወደ ኋላ በሚጫወት ጊታር የሚጀምር የ1968 እብደት ነበር። በአርባ ዓመት ገደማ ሰው ድምፅ ሲደገም ያ እብደት ረገብ ይላል፤ ምን ይደረግ።

የ1980ው ሌላ ጉዳይ ነው። አስራ ሁለት ዘፈን አለው፣ አብዛኞቹም ከ1977 እስከ 1980 ባሉት ዓመታት የወጡ ናቸው። ያ ጊዜ ደግሞ ኬኒ የነካው ሁሉ ወርቅ የሚሆንበት ነበር። «ዘ ጋምብለር»፣ «ካዋርድ ኦፍ ዘ ካውንቲ»፣ «ሺ ቢሊቭስ ኢን ሚ»፣ «ዩ ዴኮሬትድ ማይ ላይፍ»። ሁለት የቅብብል ዘፈኖችም አሉበት፤ አንዱ ከዶቲ ዌስት፣ አንዱ ከኪም ካርንስ ጋር። እነዚህን የ1977ቱ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ያኔ ገና አልወጡም።

ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የሚጋሩት ሦስት ዘፈን ብቻ ነው፦ «ሩቢ»፣ «ሩበን ጀምስ» እና «ሉሲል»። «ሩቢ» እና «ሩበን ጀምስ» በ1980ውም ላይ ያሉት ድጋሚ በተቀዱበት መልክ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም መግዛት ገንዘብ ማባከን አይሆንም። በጥንቱ የባንዱ ቅጂ ካልሆነ የሚል ሰው ግን ሁለቱም አይሆኑትም። እሱ ሪፕራይዝ በ1971 ያወጣውን የፈርስት ኤዲሽን «ግሬተስት ሂትስ» ይፈልግ።

«ሉሲል»ን ሳላነሳ አላልፍም። በ1977 ኬኒን ዳግም ያቆመው ዘፈን ነው። ኦሃዮ ውስጥ ቶሌዶ የምትባል ከተማ፣ አንድ ባር፣ ቀለበቷን ያወለቀች ሴት። ከዚያ ባልየው ይገባል። አይደባደብም። አራት የተራቡ ልጆች ቤት እንዳሉና አዝመራው ሳይሰበሰብ ማሳ ላይ እንደቀረ ነው የሚነግራት። ዘመዱ ገበሬ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ አስተርጓሚ የሚፈልግ አይመስለኝም። ካንትሪ እኛ ጋ ለምን እንደሚወደድ ሲጠይቁኝ የምጠቅሰው እሱን ነው።

ከ1980ው አልበም ዘፈኖች ደግሞ «ሌዲ» ለብቻው ይታያል። ደራሲውም ፕሮዲውሰሩም ሊዮኔል ሪቺ ነው። ያኔ ገና ኮሞዶርስ ከሚባለው ባንድ ጋር ነበር። ዘፈኑ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ አልበሙንም ይዞት ወጣ። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ የአስራ ሁለት ሚሊዮን ቅጂ የምስክር ወረቀት አለው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቃችን ጊዜ፣ ሊዮኔልና ማይክል ጃክሰን የጻፉት «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሲቀዳ ኬኒም ከዘፋኞቹ አንዱ ነበር። ሥራውን ያስተባበረው ኬን ክራገን የኬኒም የሊዮኔልም ማናጀር ነበር። የዘፈኑ መነሻ ሙዚቃ የተቀዳውም ያኔ የኬኒ በነበረው ላየን ሼር ስቱዲዮ ነው። ከርዕሴ ወጣሁ፣ ግን እኛን ስለሚመለከት ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።

ስለ «ዘ ጋምብለር» የራሴ ጣጣ አለኝ። በልጅነቴ አንድ ሙዚቃ ቤት ያስቀዳሁት ካሴት ነበረኝ። ዘፈኑ የገጹ መጨረሻ ላይ ስለነበር ቴፑ እያለቀበት መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ሽማግሌው ቁማርተኛ ባቡሩ ላይ ምክሩን ይሰጣል፣ ከዚያ ጸጥ። ዓመታት ቆይቼ ሙሉውን ስሰማ ሰውዬው እዚያው ወንበሩ ላይ አሸልቦ እንደሚሞት አወቅሁ። ደነገጥኩ። ያን ያህል ጊዜ ስዘፍነው የኖርኩት ደስ የሚል የምክር ዘፈን እየመሰለኝ ነው።

ወደ ግዢው። የ1980ው በሚሊዮን ስለታተመ ብርቅ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ያገለገሉ ሸክላዎች የሚሸጥበት ቤት ቢገቡ ከርካሾቹ ሳጥን ውስጥ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። «እጅግ ብርቅዬ» ብሎ የሚያስወድድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሳቁበትና ሂዱ። የ1977ቱም ውድ አይደለም፣ ግን ያን ያህል በየቦታው አይገኝም። መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት እዩ፤ የመጀመሪያው ዘመን የአሜሪካ ህትመት ከሆነ የ1977ቱ ዩናይትድ አርቲስትስ፣ የ1980ው ሊበርቲ ይላል።

ሸክላውን ብርሃን ስር አዘንብሉት። የፀጉር ያህል ጭረት አያሳስብም፤ በጥፍር ሲዳሰስ የሚታወቅ ከሆነ ግን መርፌው ይዘላል። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ከተነሳ ተዉት። በሻንጣ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ልብስ መሃል ያድርገው፤ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ጥሎት እንዳይሄድ አደራ በሉት። በሲዲ ወይም በስልክ የምትሰሙ ከሆነ ደግሞ ከርዕሱ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «ሪ-ሪኮርድድ» የሚል ካለ ከዘፈኑ ዘመን በኋላ ዳግም የተዘፈነ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከዶሊ ፓርተን ጋር የዘፈነው «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም» በሁለቱም ላይ የለም። በ1983 የወጣ ነው፣ ያውም አርሲኤ ወደሚባል ሌላ ኩባንያ ከተዛወረ በኋላ። እሱ ካልተገኘ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ሁለት ሲዲ የያዘውን የ2004ቱን «42 አልቲሜት ሂትስ» ይመልከት።

ለጓደኛዬ እንዲህ አልኩት፦ «የ1980ውን ውሰድ። ለስጦታ ከእሱ የተሻለ የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መርፌ ሳይነሳ ይደመጣል።» አመስግኖኝ ዘጋ። ማታ መልሶ ደወለ።

«አባዬን ዘወር አድርጌ ጠየቅኳቸው» አለኝ፤ «ከኬኒ የትኛውን ነው የሚወዱት ብዬ።»

«እሺ?»

«'ዴይታይም ፍሬንድስ' አሉኝ። እሷ የሌለችበትን ለሌላ ስጠው አሉኝ።»

የ1977ቱን አዘዘ።