ከኩሽና መሀል ጠረጴዛ በላይ የትኛው መብራት ይሰቀል? የተንጠልጣይ መብራቶች ንጽጽር

ቢላዋ ይዤ መክተፊያው ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር የገዛ ጭንቅላቴ ጥላ ሽንኩርቱን ይሸፍነው ነበር። የኮርኒሱ መብራት ከኋላዬ ስለሆነ ትከሻዬን እንጂ እጄን አያበራም። በኩሽና መሀል የሚቆመው የሥራ ጠረጴዛ፣ ብዙዎች አይላንድ የሚሉት፣ የራሱ ተንጠልጣይ መብራት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ከፊት ለፊት፣ በቀጥታ ከላይ የሚወርድ ብርሃን ጥላውን ከሥራው ላይ ያነሳዋል። ስለዚህ የመብራት ዓይነቶችን ሳወዳድር መለኪያዎቼ ሁለት ናቸው፤ መክተፊያው ላይ ላሉት እጆች ምን ይጠቅማል? ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠውን ሰው ዓይንስ ምን ያደርገዋል? መልኩ የሚታየው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ጥርት ያለ ብርጭቆና ነጭ ብርጭቆ

በፎቶግራፍ ከሁሉም ይበልጥ የሚማርከው ውስጡ የሚታየው ጥርት ያለ ብርጭቆ ነው። ማዶውን ስለሚያሳይ ጠባብ ኩሽናን አያጨናንቅም፤ ብርሃኑም ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። እኔም መጀመሪያ የሰቀልኩት እንዲህ ያሉ ሦስት ኳሶችን ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ከማዶ ተቀምጣ የምታወራኝ እህቴ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጋረደች። አምፖሉ ራቁቱን ስለሆነ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው ዓይን ይወጋል። ሁለተኛው ችግር ቀስ ብሎ መጣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብርጭቆውን በጣቴ ብነካው ተጣበቀብኝ፤ የዘይት ተን ከአቧራ ጋር ተዋህዶ ስስ ቢጫ ልባስ ሠርቶበታል። መብራቱ ሲበራ ደግሞ ያ ልባስና የጣት አሻራው ሁሉ ከውስጥ ደምቆ ይታያል። ምድጃው ከጠረጴዛው ርቆ ለሚገኝና በየሳምንቱ መወልወል ለማይከብደው ሰው ጥርት ያለው ብርጭቆ ያምራል። ለሌላው አልመክረውም።

ወተት የመሰለው ነጭ ብርጭቆ ቅርጹ ያው ሆኖ ጠባዩ ሌላ ነው። ብርሃኑን በመላ ገጹ ስለሚበትነው ዓይን የሚወጋ ነጥብ አይኖረውም፤ የሚጥለው ጥላም ጠርዙ ለስላሳ ነው። ቅባት ይቀመጥበታል፤ ግን እንደ ጥርት ያለው አያጋልጠውም። ጥቂቱን ብርሃን ብርጭቆው ራሱ ስለሚያስቀረው አምፖሉን ጠንከር አድርጎ መምረጥ ይገባል። ቁጭ ብለው የሚያጠኑ ልጆች፣ የሚያወሩ እንግዶችና የሚከትፍ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በሚገናኙበት ቤት ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

የብረት ቆብ

የብረት ቆብ ያለው መብራት ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ታች ይጥላል። ለእጅ ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንደኛ የምለው እሱን ነበር። አምፖሉ በቆቡ ውስጥ ጠልቆ ከገባ ዓይንም አይወጋም፤ በአንድ ጨርቅ ይጸዳል፤ ቢነካም አይሰበርም። ጉድለቱ ወደ ላይ ምንም አለመስጠቱ ነው። ኮርኒሱና የመደርደሪያዎቹ አናት ይጨልማሉ፤ ጠረጴዛው ብቻ እንደ መድረክ ይበራል። ኩሽናው ውስጥ ሌላ የኮርኒስ ወይም የግድግዳ መብራት ካለ ይህ ችግር አይሆንም፤ ከሌለ ግን ክፍሉ ዝቅ ያለና የጠበበ ይመስላል። ሲገዙ ቆቡን ገልብጠው ውስጡን ይዩ። ነጭ ቀለም ብርሃኑን መልሶ ያወርደዋል፣ ወርቃማው ሞቅ ያደርገዋል፣ ጥቁሩ አብዛኛውን ይውጠዋል።

ረጅሙ ዘንግ

ከጠረጴዛው ርዝመት ጋር አብሮ የሚሄደው ረጅም መብራት ብርሃኑን ከዳር እስከ ዳር እኩል ያደርሳል። ሦስት አምፖሎች ባሉበት አንድ ቢላዋ ሦስት ጥላ ይኖረዋል፤ በዘንጉ ሥር ግን ጥላው ደብዛዛ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ከገመዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ኮርኒሱ ላይ አንድ የመብራት መውጫ ብቻ ካለ፣ ሦስት ነጠላ መብራት ለመስቀል ኮርኒስ መቅደድና አዲስ ሽቦ መሳብ ያስፈልጋል፤ ለዘንጉ ግን ያው አንዱ ይበቃል። ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ኤልኢዲው ሲበላሽ ለብቻው ይቀየራል? በብዙዎቹ ብርሃን ሰጪው ክፍል ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ፣ ሲቃጠል የሚጣለው መብራቱ በሙሉ ነው። አምፖል የሚቀየርበት ወይም መለዋወጫው ለብቻው የሚሸጥ ካገኙ እሱን ይምረጡ።

ጨርቅና ሰንበሌጥ የለበሱት ለመኝታና ለሳሎን ይሁኑ። ጨርቁ ሽታና ቅባት ይመጥጣል፤ አይታጠብም። ምድጃው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

ስንት፣ በምን ያህል ከፍታ?

ርዝመቱ 200 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጠረጴዛ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት መብራቶች ይበቃሉ፤ መሀላቸው ከአንዱ ጫፍ በ40፣ በ100 እና በ160 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ከሦስት ትንንሾች ይልቅ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ሁለት ብመርጥ እኔ ደስ ይለኛል፤ የሚጸዳው ያንሳል፣ ማዶ ለማየትም ክፍት ይሆናል። ጠረጴዛው 120 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ትልቅ መብራት ወይም አጭር ዘንግ ይበቃዋል። ዘንግ ሲመርጡ የጠረጴዛውን ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን።

ከፍታውን የሚለኩት ከጠረጴዛው ገጽ እስከ መብራቱ የታችኛው ጫፍ ነው፤ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ወይም የቤቱ ሰው ረጅም ከሆነ ጥቂት ይጨምሩ፤ ግን ብዙ አያርቁት። ከአንድ አምፖል የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ለውበት ሲባል ወደ ላይ የተጠቀለለ ገመድ የሥራውን ብርሃን ይቀንሳል። ክብደቱንም አይርሱ። ጂፕሰም ብቻውን ከባድ መብራት አይሸከምም፤ ማንጠልጠያው ከኮርኒሱ በላይ ካለው እንጨት ወይም ብረት ጋር መታሰር አለበት።

አምፖሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ቢወስዱ ያዋጣል፤ ጥሩ መብራት በመጥፎ አምፖል ይበላሻል። ካርቶኑ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይፈልጉ። የመጀመሪያው የብርሃኑን ቀለም የሚናገረው ኬልቪን ነው። 2700 እና 3000 ሞቅ ያለ ቢጫ፣ 4000 ነጣ ያለ፣ 6500 ደግሞ ሰማያዊ የሚመስል ብርሃን ነው። መብያም መሥሪያም ለሆነ ጠረጴዛ 3000 ይስማማል። ሁለተኛው ሲአርአይ የሚባለው ነው፤ ቀለም ምን ያህል እንደ መልኩ እንደሚታይ ይናገራል፤ ከፍተኛው 100 ነው። 90 እና ከዚያ በላይ ያለውን ይምረጡ፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል የሥጋና የአረንጓዴ ቅጠል መልክ ይደበዝዛል። ሦስተኛው የብርሃኑን መጠን የሚናገረው ሉመን ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን 800 ሉመን ያህል ብርሃን ኤልኢዲ ከ8 እስከ 10 ዋት ባለው ኃይል ይሰጣል። ለ200 ሴንቲ ሜትሩ ጠረጴዛ በጠቅላላው ከ2000 ሉመን በላይ ይኑርዎ፤ ዲመር፣ ማለትም ብርሃን የሚያደበዝዝ ማብሪያ፣ ካስገቡ ሲበዛ ይቀንሱታል። አምፖሉም ዲመሩም ለኤልኢዲ ደብዝዞ መብራት የተሠሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ካልተስማሙ መብራቱ ይርገበገባል ወይም ሲር ይላል።

ኮርኒሱ ከመበሳቱ በፊት በመረጡት መብራት ስፋት ክብ ካርቶን ቆርጠው በክር በታሰበው ከፍታ ላይ ያንጠልጥሉ፤ ለሁለት ቀን ይተዉት። በሥሩ ይክተፉ፤ ከማዶ ተቀምጠው ከቤተሰቡ ጋር ያውሩ፤ ረጅሙንም ሰው ጎንበስ ብሎ ዕቃ እንዲያጥብ ያድርጉት። ካርቶኑ የማንንም ፊት የማይጋርድበትንና ማንም ግንባሩን የማያስመታበትን ቦታ ሲያገኙ በእርሳስ ምልክት አድርገው ኤሌክትሪሺያኑን ይጥሩ።