ኖታ ለሚጽፍ ዓይነ ስውር ሙዚቀኛ፦ ሙዝስኮር ወይስ ሊሊፖንድ?

ሁለቱም ነፃ የኖታ መጻፊያ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። ሙዝስኮር ላይ ኤን ስትጫኑ ኖታ መጻፍ ይጀመራል። 5 ቁጥር ሩብ ኖታን ይመርጣል፣ ሲ ፊደል ዶን ይጽፋል። በቀስት ቁልፎች ስትሄዱ ስክሪን ሪደሩ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) የኖታውን ስም፣ ርዝመቱንና የሚገኝበትን ባር ይነግራችኋል። ከ2023ቱ 4.1 ስሪት ወዲህ ደግሞ የብሬይል ማሳያ መሣሪያ ያለው ሰው ኖታውን በጣቱ ማንበብ ይችላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ መስማትና ማንበብ አንድ አይደሉምና።

ሊሊፖንድ ሙዚቃውን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስጽፋል፤ ማንኛውም ስክሪን ሪደር ያነበዋል። ኅትመቱም ያምራል። ግን አንድ ቅንፍ ከተረሳ ፍለጋው አድካሚ ነው፤ የሚወጣውን ፒዲኤፍም ጸሐፊው ራሱ ማንበብ አይችልም። ሌሎች የጻፉትን ማንበብ ለሚፈልግ ያለማመንታት ሙዝስኮርን እመክራለሁ። ኮድ መጻፍ የለመደ ሊሊፖንድን ይሞክር።