ሁሉም ነገር በስክሪን የሚታዘዝባት፣ የሚጫን ቁልፍና ማዞሪያ የሌላት መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ

መኪናዬን ከሸጠልኝ ድርጅት የጥገና ክፍል ዛሬ ጠዋት የወጣሁት ሳላስጠግናት ነው። ዋስትናው ካበቃ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው፤ የድርጅቱ ሰዎችም ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ተች ስክሪን ከሰሞኑ ጀምሮ ማንም ሳይነካው በራሱ ይታዘዝ ነበር፤ ማራገቢያው ሳላበራው ይነሳል፣ ሬዲዮው ጣቢያ ይቀያይራል። ትናንት ማታ በዝናብ ስነዳ ጭራሽ ጨለመ። የመስታወቱን ጭጋግ የሚያጠፋው ማሞቂያ የሚታዘዘው በዚያው ስክሪን ብቻ ስለሆነ፣ የፊት መስታወቱ በትንፋሼ ሲጋረድ በዳበሳ አግኝቼ የምጫነው አንድም ቁልፍ አልነበረም። መስኮት ከፍቼ፣ መስታወቱን በእጅጌዬ እየጠረግሁ፣ እንደምንም መንገድ ዳር ወጥቼ ቆምሁ።

የጥገና ክፍሉ ሠራተኛ ከወንበሩ ተነስቶ መኪናዋን እንኳ አላየም። የሻሲ ቁጥሯን ኮምፒውተሩ ላይ አስገባና «አይጠገንም፣ ሙሉው ይቀየራል» አለኝ። የተበላሸው የስክሪኑ የላይኛው መስታወት ከሆነ እሱን ብቻ ቀይሩልኝ ብዬ ስጠይቀው፣ መስታወቱ ከማሳያው ጋር በሙጫ ተጣብቆ እንደሚመጣ፣ ማሳያውም ከነቦርዱ እንደ አንድ ዕቃ እንደሚሸጥ ነገረኝ። ከሌላ መኪና የተፈታ ባመጣ ደግሞ ያለ እነርሱ ኮምፒውተር ከመኪናዋ ጋር እንደማይግባባ አስረዳኝ። ከዚያም ዋጋው የተጻፈበትን ወረቀት በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ «እርስዎ እኮ ወደውት ነው የገዙት» አለ።

እውነቱን ነው፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሻጩ ጣቱን በስክሪኑ ላይ እያንሸራተተ «ቁልፍ የድሮ ነገር ነው» ሲለኝ ተደንቄ ያየሁት እኔ ነኝ። የቀድሞዋ መኪናዬ የማራገቢያ ማዞሪያ ሲላላ በካቻቢቴ ፈትቼ፣ ውስጧ የተሰነጠቀችውን ትንሽ ፕላስቲክ ቀይሬ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሼዋለሁ። ያ ማዞሪያ በተበላሸበት ሰዓት እንኳ ሬዲዮውም ማሞቂያውም ይሠሩ ነበር። ይህን በእጄ ሠርቼ እያወቅሁ፣ ሁሉም ነገር በአንድ መስታወት ላይ ሲሰበሰብ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም አብሮ እንደሚሄድ አለማሰቤን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ጉዳዩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ወደ 135,000 የሚጠጉ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ለጥገና የጠራው፣ የስክሪኑን ኮምፒውተር የሚያሠራው 8 ጊጋባይት ሚሞሪ በተደጋጋሚ ሲጻፍበት ዕድሜው እያለቀ፣ የኋላ ካሜራውንና የጭጋግ ማጥፊያውን መቆጣጠሪያ ይዞ ይጠፋ ስለነበር ነው። ይህን ያነበብሁት ግን ከገዛሁ በኋላ ነው።

ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ ስክሪኑን አጥፍቶ ማሞቂያውን እንዲያስነሳላችሁ ጠይቁት፤ ስክሪኑን የማስቀየሪያውንም ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ።