ፒኤችዲ፦ ጀርመን፣ አሜሪካ ወይስ ኩሉምሳ?

በዕፅዋት ሳይንስ ወይም በማይክሮባዮሎጂ ማስተርሱን የጨረሰ ሰው ሁሉ “የቱ አገር ይሻላል?” ይለኛል። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዣ የላብ ዘዴ) በገዛ እጅህ ስንቴ ሠርተሃል?

ለማሳፈር አይደለም። እኔ ማስተርሴን የሠራሁበት ላብ ማሽኑ ነበረው። ኬሚካሉ ግን ለወራት አልመጣም። ዲኤንኤ ማውጣት የቻልኩት ልመረቅ ትንሽ ሲቀረኝ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ጀርመንና አሜሪካ አንድ አይደሉም።

ጀርመን ፒኤችዲ ማለት ሥራ ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ታመለክታላችሁ፣ ኢንተርቪው ትደረጋላችሁ፣ ውል ትፈርማላችሁ። ርዕሱም ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የተቆረጠ ነው። ማስተርስ በአብዛኛው ግድ ነው። ኮርስ እምብዛም የለም፤ ሦስት አራት ዓመት ነው። በገባችሁ በሳምንቱ ፒፔት (የላብ ፈሳሽ መለኪያ) ይሰጧችኋል። ደመወዙ በባዮሎጂ ብዙ ጊዜ ኢ13 ከሚባለው የመንግሥት ተቀጣሪዎች የደመወዝ እርከን 65 በመቶ ነው። (ሰዓቱ ግን 65 በመቶ አይደለም። ባክቴሪያ ቅዳሜም ያድጋል።) ግብሩም ኢንሹራንሱም ተቆርጦ ለአንድ ሰው ይበቃል። የሥርና የባክቴሪያ ነገር የሚስባችሁ ኮሎኝ ያለውን የማክስ ፕላንክ የዕፅዋት ማዳቀል ምርምር ተቋም እዩ። ማይክሮባዮሎጂ ብቻ ከሆነ ማርቡርግ ያለውን የማክስ ፕላንክ ተቋም።

አሜሪካ ግን አሁንም ተማሪ ናችሁ። አምስት፣ ስድስት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚቀበሉም ሞልተዋል። አንደኛው ዓመት ኮርስ ይበዛዋል፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ሮቴሽን አለ። ሁለት ሦስት ላብ ዞራችሁ ሠርታችሁ ነው አድቫይዘር የምትመርጡት። እጁ ላልተፍታታ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። የአለቃውንም ጠባይ ሳያይ አይታሰርም። ጀርመን ከአለቃችሁ ጋር ካልተስማማችሁ መውጫው ይጠብባል። የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ ስታይፔንድ (የኑሮ ገንዘብ) አለ፤ በምትኩ ታስተምራላችሁ ወይም ፕሮጀክት ላይ ትሠራላችሁ። በፉልብራይት (የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ) የሄደ ሰው ግን ግሪን ካርድ ከማሰቡ በፊት ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ መኖር አለበት።

የስንዴ ዋግ (ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ) ላይ ለሚሠራ ሚኒሶታ ልዩ ነው። ሴንት ፖል የዩኒቨርሲቲው የዕፅዋትና የማይክሮቦች ባዮሎጂ ፕሮግራም አለ፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የእህል በሽታዎች ላብራቶሪም እዚያው ነው። ሐበሻም ስላለ እንጀራ አትናፍቁም። ብርዱን ግን አልነገርኳችሁም እንዳትሉ።

ኩሉምሳስ? አርሲ ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል ማለቴ ነው። አገር ቤት የቀረን ሰው እንደተሸነፈ የሚያየው ወሬ አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ባሌና አርሲ ላይ መታው። ውጭ ያለ ተመራማሪ ናሙናው እስኪላክለት ይጠብቃል። ኩሉምሳ ያለው ከቢሮው ወጥቶ ማሳ ይገባል። ጤፍ ከሆነ ደብረ ዘይት፣ ቡና ከሆነ ጅማ፣ የሰብል በሽታ ከሆነ አምቦ አለ። ደመወዙ ቀጭን ነው። ለትምህርት ከላኳችሁም ተመልሳችሁ የምታገለግሉበት ውል አለ። ግን ሁለት መኸር ዋግ ሲመዘግብ የከረመ ሰው ለጀርመን ሲያመለክት የሚያወራው አያጣም። እኔ ዛሬ ብጀምር በዚያ በኩል ነበር የምዞረው።

የኪስ ነገር ደግሞ አለ። ጀርመን ለእንዲህ ያለ የሥራ ማስታወቂያ ማመልከቻ አይከፈልም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በዶላር ያስከፍላሉ፤ ብዙዎቹም ታኅሣሥ አካባቢ ይዘጋሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ኢሜይል ጻፉና ክፍያው እንዲነሳላችሁ ጠይቁ። ቢበዛ እምቢ ይላሉ።