«ህልምሽ ትእዛዝ አለው» ከተባላችሁ ብር አትላኩ

ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ከቡራዩ እስከ ገላን ህልም ፈቺ ነን ባዮች ገበያቸው ደርቷል። ፍቺያቸው እናቶቻችን ቡና ላይ ከሚፈቱት ይለያል። ጥርሱ ሲወልቅ ያየ ሰው በሰፈር «የዘመድ ሞት ነው» ይባልና «እግዜር በጎ ያድርገው» ተብሎ ወሬው ያልፋል። እነዚህ ዘንድ ግን ፍቺው ሥራ ያዛል፣ ሥራው ዋጋ አለው፣ ቀኑ 3 ወይም 7 ነው፤ መጨረሻ ላይ «ለማንም እንዳትነግሪ፣ ይረክሳል» ይመጣል። ልብ በሉ፣ የተፈራው የህልሙ መሰማት አይደለም፤ ባል ወይም ልጅ ዋጋውን እንዳይሰማ ነው።

«እንዴት አወቀብኝ?» ለሚል፦ ወረፋ ላይ አጠገባችሁ ተቀምጣ «አንቺስ ምን አይተሽ ነው?» ያለችው ሴት ብዙ ጊዜ የፈቺው ሰው ናት። በቴሌግራም ከሆነ ህልሙን በድምፅ ካስላከ በኋላ ስምና የእናት ስም ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠው ቁጥር ተደምሮ ለ12 ይገደፋል፣ ማለትም 12 እየተቀነሰ ይጣላል፤ ቀሪው ኮከብ ይባላል። ስሌቱ የቆየ ነው፣ ህልሙ ግን የትም አይገባበትም፤ ምንም ሳታልሙ ብትሄዱም ውጤቱ ያው ነው። ኮከቡም 12 ብቻ ስለሆነ 13 ሰው በጫነ ሚኒባስ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ኮከብ አላቸው።

«ሊነጋ ሲል ከታየ ይፈጸማል» ይላሉ። ህልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፣ ወደ ንጋት ሲቃረብ ይረዝማል። ከመሃሉ የነቃ ሰው ህልሙን ያስታውሳል፤ የንጋቱ የሚታወሰው ለዚህ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ኢፋቪሬንዝ ወይም የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቱን ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰውም ኃይለኛ ህልም ሊያይ ይችላል። «መድኃኒቱን ተይው» የሚል ፍቺ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ህልሙን ለሐኪሙ ንገሩት እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ከዚያ ግዢው ይጀመራል። ገብስማ ዶሮ፣ ጥቁር በግ፣ ዕጣን፣ ጧፍ። «ትክክለኛውን አታገኙትም፣ እኔ ልግዛው» ካለ ዋጋውን ቆራጩ እሱ ነው። ራሳችሁ ገዝታችሁ ካልሠራ «ዶሮዋ ትክክለኛ ገብስማ አልነበረችም» ይባልና ጥፋቱ ወደ እናንተ ይዞራል። ብር በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡ፣ ይጸለይበታል፣ 7 ቀን አትፍቱት ካለ ጥቅልሉ እጁ ላይ ይለወጣል፤ በ8ኛው ቀን የምትፈቱት ወረቀት ነው። የመሬት ካሳ የተቀበለ ቤት ደግሞ «ጓሮህ ወርቅ ተቀብሯል» ይባላል። ቆፋሪው ራሱ ቀድሞ የቀበረው ነሐስ ይወጣል። ወርቅ በእኩል መጠን ከነሐስ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ሌላ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁ በመረጣችሁት ወርቅ ቤት አስመዝኑት።

«ዮሴፍም ፈትቷል» ሲሏችሁ፣ ዮሴፍ ፈርዖንን የመከረው በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አንድ አምስተኛውን እንዲያከማች ነው። ቀብድ አልጠየቀም።

የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌግራሙን ንግግር አሁኑኑ ስክሪን ሾት አንሱ፤ ያኛው ወገን ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። የቴሌብር መልእክቱን ከነግብይት ቁጥሩ አስቀምጡ። ሁለቱን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ፤ ማታለል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ያስጠይቃል። «ገንዘብሽን ለመመለስ ማስለቀቂያ ላኪ» ብሎ ቢደውል አትላኩ፤ ቁጥሩን መዝግባችሁ ማመልከቻው ላይ ጨምሩት።