ለገጣፎ ያላችሁ፣ የዓይን ክፍሏን ሲስተር አመስግኑልኝ

ሰላም የሰፈሬ ሰዎች፣ እኔ ብዙም ፖስት የማደርግ ሰው አይደለሁም ግን ይቺን ልጅ ሳላመሰግን ዝም ብል እግዜርም አይወደውም።

የ7 ዓመቱ ልጄ ጥድ አጥሩ ስር ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት አንዱ አባጨጓሬ በእንጨት አንስቶ ወረወረበት፣ ፊቱ ላይ አረፈች (የኔውም ቀድሞ ወርውሮ እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት)። ማታውን ዓይኑ ቀላ፣ እንባው አላቋርጥ አለ፣ "እማ አሸዋ አለበት" እያለ ያሸዋል፣ እኔ ደግሞ አትሸው እያልኩ ራሴ በነጠላዬ ጫፍ እጠርግለታለሁ። እናቴ የጡት ወተት ጠብ አድርጉበት አለች፣ እሱን እንኳን እምቢ አልኩ። ጠዋት ፋርማሲ ስሄድ ግን ኢንፌክሽን ነው ተብዬ ቴትራሳይክሊን ቅባት ተሰጠኝ፣ 3 ቀን ቀባሁለት፣ ጭራሽ ብርሃን ማየት አቅቶት ትራስ ላይ ተደፍቶ ይውል ጀመር።

በ4ኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ዓይን ክፍል ያለችው ሲስተር ገና ስንገባ "ምን ነክቶት ነበር?" አለችኝ፣ እስከዛ ድረስ ማንም አልጠየቀኝም እኮ! አባጨጓሬ ስላት ማደንዘዣ ጠብታ ጨምራ የላይኛውን የዓይን ቆብ በጥጥ እንጨት ገለበጠችው፣ ከዛ ደግሞ አንዴ ደገመችና ከስሩ ገለበጠችው፣ እኔ እዛ ጋ ቦታ መኖሩንም አላውቅም። ቢጫ ቀለም ነክታበት በሰማያዊ መብራት ስታሳየኝ ዓይኑ ላይ ድመት የቧጨረው የሚመስል አረንጓዴ መስመር ከላይ ወደታች ተሰምሯል፣ ለካ ቆቡ ውስጥ የተሰካው የአባጨጓሬዋ ፀጉር ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ይቧጭረዋል።

በቀጭን ወረንጦ 5 ፀጉር አወጣችለት፣ ጎዝ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፣ ከሽፋሽፍት ይቀጥናሉ። "ጎን ጎናቸው እሾህ አለው፣ የገብስ ጺም እጅጌ ውስጥ ከገባ ወደላይ ብቻ እንደሚሄደው ማለት ነው፣ ባሸሽው ቁጥር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሌላ ጊዜ ወዲያው በንጹህ ውሃ አጥቢና ሳትነኪው ይዘሽው ነይ" አለችኝ። ነጠላዬን አስታውሼ አፈርኩ።

የወደድኳት ግን ከዛ በኋላ ነው። "አንዷ ጠልቃለች፣ እኔ ብነካት ተሰብራ ትቀራለች" ብላ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልን፣ ወረቀቱ ላይም አባጨጓሬ መሆኑን በትልቁ አሰመረችበት። ስንቱ አይ እችላለሁ ብሎ ይሞክርብን ነበር። እዛም ዶክተሩ በማይክሮስኮፕ እያየ አወጣትና የስቴሮይድ (የዓይኑን መቆጣት የሚያበርድ) ጠብታ ከፀረ ባክቴሪያ ጋር አዘዘለት፣ ስቴሮይዱን ግን የዓይን ግፊት ስለሚጨምር ያለ ሐኪም ደግማችሁ እንዳትገዙ ብሎ አስጠነቀቀን። ቀጠሮውም ገና ነው፣ የቀረች ፀጉር ካለች ከወራት በኋላም ወደ ዓይኑ ውስጥ እስከ ኋላ ድረስ ልትዘልቅ ስለምትችል ቶሎ አይለቁንም።

ያን ቀን ማታ ሲስተር በራሷ ስልክ ደውላ "አየው? ብርሃን ቻለ?" አለችኝ፣ ከሳምንት በኋላም ደገመች።

ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም፣ ጤና ጣቢያው ሄዳችሁ የዓይን ክፍሏን ሲስተር በሉ፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ለምሳ ብዬ ብር ላስጨብጣት ስል ተቆጣችኝ፣ እናቴ የደፋችውን ድፎ ዳቦ ግን ተቀብላናለች።